የሙሀዲን ክንድ

«አባትሽን የገደለው የኔ በሬ ነው፣ ሰዒዳ» አለ ዩሱፍ፣ ለሰደቃ የታረደውን በግ ጓሮ እየገፈፈ።

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ዱዓው ደምቋል፤ ሹክሹክታውም አልበረደም። ሰንበቴ ገበያ ላይ በሬ ገፋ ስላደረገው እንዴት ያን የመሰለ ጎልማሳ ውሃ እንኳ ሳይል ይሞታል? ዓይን ነው ያለ አለ፣ መርዝ ነው ያለም አለ። አይ ሰው! አፉ መቼ ያርፋል።

ሰዒዳ ግን ታውቃለች። ክረምት ላይ አባቷን ደሴ ወስዳው ነበር። «ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ» አላት ሐኪሙ። «ከውሻ የሚመጣ ትል ነው፤ በልጅነቱ ሳይገባበት አልቀረም። ከፈነዳ በደቂቃ ይገድላል። ቶሎ ኦፕራሲዮን ይደረግ።» አባቷ ሙሀዲን ግን «ማሽላው ይሰብሰብና» አለ። ማሽላው ይኸው ገና ማሳ ላይ ነው።

«በሬዎ ባይገፋው ድንጋይ ሲያደናቅፈው ይፈነዳ ነበር፣ አጎቴ ዩሱፍ። በራስዎ አይፍረዱ።»

«እሺ፣ ያ ሁሉ የሳቅሁበትስ?»

ዩሱፍና ሙሀዲን ጨፋ ሮቢት አብረው ያደጉ አራጆች ናቸው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት የበላ ውሻ ትሉን ለሰው እንደሚያስተላልፍ ነገራቸው። ዩሱፍ ሰምቶ ረሳ። ሙሀዲን ከዚያን ቀን ጀምሮ የታመመውን ሳንባና ጉበት መቅበር ያዘ። ሌላው ለውሻ ወርውሮ ቤቱ ሲገባ እሱ አካፋ ይዞ ይጎነበሳል። «ሳንባ ቀባሪው» አሉት። «ለቅሶ እንድረስህ እንዴ?» እያለ ዩሱፍ ገበያውን ያስቅ ነበር። ሰዒዳም ትምህርት ቤት በዚያው ስም ሲጠሯት በአባቷ አፍራ ታውቃለች።

እሱ እቴ! ጉድጓዱ ዳር በሆዱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ትከሻው ይከታል፤ ጣቱ ታች መሬት ከነካ ገና አልጠለቀም ብሎ እንደገና ይቆፍራል። «የውሻ አፍንጫ ክፉ ነው» ይላል። ከደሴ የተመለሰ ዕለት እንኳ «ለእኔ ረፍዷል፤ ለሰፈሩ ልጆች ግን አልረፈደም» ብሎ በማግስቱ ቆፈረ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ዩሱፍ የበጉን ደረት ከፈተ። ሳንባው ላይ እንቁላል የሚያካክሉ ነጭ ከረጢቶች ተደርድረዋል። አጥሩ ሥር የተኙት ሁለት ውሾች ብድግ አሉ። እጁ በልማዱ ሊወረውር ተነሣና አየር ላይ ቀረ።

«ያ ረቢ» አለ። «አካፋው የት አለ?»

አመጣችለት። እያለቀሰ ቆፈረ፤ እንባውን ለመጥረግ እንኳ አላረፈም። ቆይቶ ቀና አለና «አሁንስ?» አላት።

ሰዒዳ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ በሆዷ ተኛች፤ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከተተች። ጣቷ መሬት አልነካም።

«በቃ፣ ጠልቋል» አለ ዩሱፍ።

«የአባዬ ክንድ ከኔ ይረዝማል» አለች። «ትንሽ ይጨምሩ።»

ክንዷን ግን ቶሎ አላወጣችም።