በንስሐ ነው ወይስ እንዲያው?

ፀደንያ ደብረ ማርቆስ ተቀምጣ ለይጁቤው ጠበል የጸሎት መጠየቂያ ድረ ገጽ ስትሠራ ሐሳቧ ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ትጠነቀቅ ነበር። ጠያቂው የክርስትና ስሙንና የልቡን ጭንቀት ይጽፋል፤ ካህናቱ ጸሎት ያደርሱለታል። ስልክ ቁጥሩ ለመግቢያ ብቻ ተጠይቆ ወዲያው እንደሚጠፋ ገጹ ላይ በደማቁ ጽፋለች። አላጠፋችውም። «ነገ አጠፋዋለሁ» ስትል ከረመች፤ ነገ ደግሞ መች አልቆ ያውቃል!

በፋሲካ ማግስት፣ ደስ ይበላቸው ብላ፣ ለሁሉም በስልካቸው መልእክት ላከች፤ የየሰውንም ልመና አብራ አስገባች። «ወለተ ኪዳን ሆይ፣ ‹ባሌን ሳልቀየመው ትቼው የምሄድበትን ቀን ስጠኝ› ያሉት ጸሎት ደርሷል።»

ወለተ ኪዳን የክርስትና ስሟ ነው፤ ሰው የሚያውቃት ዘመናይ በሚል ስም ነው፤ የይጁቤ ሴት ናት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ ነበር ባሏ ተኝቶ ሳለ በስልኩ የጻፈችው፤ የክርስትና ስሟ የሚሸሽጋት መስሏት። የቤቱ ስልክ ግን አንድ ነው፤ የሚውለውም በባሏ በደመላሽ ኪስ ነው። ደመላሽ አነበበ፤ መልእክቱን አጠፋው፤ ከየት እንዳወቀ ሳይናገር «ቀኑ ዛሬ ነው፤ ሂጂ» ብሎ ልጆቿን አስቀርቶ አስወጣት።

ዘመናይ ድረ ገጹ ቁጥሯን እንዳጠፋ ስላመነች አልጠረጠረችውም፤ ይህን ቃል በአፏ የነገረችው ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለነፍስ አባቷ ለቄስ ወልደ ሚካኤል። «ንስሐዬን አወጡብኝ» አለች። አገሩም አመነ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ንስሐ አወጣ የተባለ ቄስ ምን ፊት ይኖረዋል? ሰዉ አንድ በአንድ ሸሻቸው።

ወሬው ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ፀደንያ ቃሉን ለየችው። ኮምፒውተሯን ከፍታ አየች፤ ያው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁን አንብባዋለች፤ ሰው የሰጠሽን ለሰጠሽ ጉዳይ ብቻ አውዪው፣ ካመለጠሽም ንገሪው ይላል። ቅጣቱንም አንብባለች፤ የፈራችውም እሱን ነው። ስለዚህ ለዘመናይ ሳይሆን ለቄሱ ለመንገር ይጁቤ ወረደች፤ እግራቸው ሥር ወድቃም ሁሉን ተናገረች።

ቄሱ ክንዷን ይዘው አነሷት።

«ልጄ፣ ይህን የነገርሽኝ በንስሐ ነው ወይስ እንዲያው?»

ገባት። እንዲያው ከሆነ ይናገሩትና ስማቸው ይጸዳል። በንስሐ ከሆነ ግን ይዘውት መቃብር ይገባሉ።

«በንስሐ ነው፣ አባ» አለች። አፈረች፤ ግን አለች።

«ቀኖናሽን ኋላ እነግርሻለሁ። እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉና መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ።

ሲወጡ ዘመናይ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማለች። ቄሱ እንደ ልማዳቸው መስቀላቸውን ዘረጉላት፤ ፊቷን አዞረች። «ከልጆቼ የለዩኝ እርስዎ ነዎት» አለች፣ ሰው እየሰማ። ቄስ ወልደ ሚካኤል አንገታቸውን ደፉ። ፀደንያ አጠገባቸው ሆና ጠበቀች፤ አንዴ እንኳ ዞር ብለው አላዩዋትም። ምስጢሯን በዓይናቸው እንኳ አላወጡባትም።

ያ ነው ያንገበገባት። ቢያዩዋት ኖሮ ትሸሽ ነበር።

«እትዬ ዘመናይ» አለች ፀደንያ። «እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ።»