ዝቅ ያላለው ዜማ

በደል ሁሉ እጅን በመሰንዘር አይፈጸምም። እጅን በመሰብሰብ የሚፈጸም በደልም አለ፤ ይኸኛው ከሳሽ የማይነሣበት፣ ምስክር የማይቆጠርበት፣ በዳዩም «እኔ ምን አደረግሁ?» ብሎ በሙሉ አፉ የሚጠይቅበት በመሆኑ ከመጀመሪያው ይከፋል። ቅጣት የማያገኘው የሚመስለውም ስለዚህ ነው፤ ግን ያገኘዋል።

አጃቢው በመድረኩ ጥግ ተንበርክኮ የኪቦርዱን ገመድ ከድምፅ ማጉያው ጋር ሲያገናኝ ጠዋት ነበር። የሆቴሉ የሙዚቃ አዳራሽ በቀን ብርሃን ሲታይ ገመናው የወጣበት ሰው ይመስላል። ወንበሮቹ እግራቸውን ሰቅለው በጠረጴዛዎቹ ላይ ተደፍተዋል። ማታ ማታ በመብራት ወርቅ መስሎ የሚታየው መጋረጃ፣ ሲጋራ የበሳሳው ቢጫ ጨርቅ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ያፈሰሰችው የሳሙና ውሃ ገና አልደረቀም ነበርና ከበሮ መቺው ጫማው እንዳይርስ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ «ዛሬ የምንፈተነው ሙዚቃ ነው ዋና?» አለ። አጃቢው አልሣቀም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ሥራ አስኪያጁ ለብቻው ወደ ኮሪደሩ ጠርቶት ነበር።

«ያው እንደምታውቀው ሆቴሉን አዲስ ሰው ገዝቶታል» አለው። «ጋሼን ዛሬ ልስማቸው ብያለሁ። ድምፃቸው ካለ ይቀጥላሉ፣ ቃሌ ነው። ከደከሙ ግን ለሰው አዝኜ አዳራሽ ባዶ አላደርግም። ልጅህ ትዘፍናለች አሉ?»

«ትዘፍናለች።»

«ጋሼስ እንዴት ናቸው? መቼም አንተ ከኋላቸው ነው ያለኸው፤ ከማንም ይበልጥ ታውቃቸዋለህ።»

አጃቢው «ይችላል» ሊል አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ግን «እርስዎ ሰምተው ቢፈርዱ ይሻላል» የሚል ነበር። ቃሉ ሐሰት የለበትም፤ እንዲያውም ትሕትና ይመስላል። 

እዚህ ላይ በአጃቢውና ጋሼ በተባለው አረጋዊ ዘፋኝ መካከል የነበረውን ነገር መግለጽ ይገባል። ዘፋኙ በወጣትነቱ ድምፁ እንደ ከፋይ ጨርቅ የለሰለሰ ስለ ነበር «ጋሽ ከፋይ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ከበሮ መቺው ብቻ «ሂሳብ ከፋይ ማለት ነው» እያለ ከምሳ በኋላ ቢሉን ወደ እርሱ ይገፋዋል። ድምፅ ግን እንደ ጉልበት ይደክማል። ከዓመታት በፊት ጋሽ ከፋይ አንድ ከፍታ ላይ ሊደርስ ሲል ሲንገዳገድ አጃቢው ሰማ። በማግሥቱ ማንንም ሳያማክር፣ በኪቦርዱ ላይ ሙዚቀኞች ትራንስፖዝ የሚሏትን ቁልፍ ተጭኖ ዜማውን እንዳለ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገለት። ጋሽ ከፋይ ያን ምሽት ያለ ጭንቅ ዘፈነ፤ ከመድረክ ወርዶም «ዛሬ ጉሮሮዬ ተከፍቷል» አለ። ከዚያ ወዲህ የሽማግሌው ድምፅ ባነሰ ቁጥር አጃቢው ዜማውን ጥቂት በጥቂት ሲያወርድለት ኖረ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ዘፋኙ ራሱ አላወቀም። ከበሮ መቺው ለከፍታና ለዝቅታ ደንታ የለውም። ያወቀችው የአጃቢው ልጅ ብቻ ነበረች። ጋሽ ከፋይ ከሕፃንነቷ አስተምሮ ለዘፈኖቹ ተቀባይ አድርጓታልና፣ ዜማው ሲወርድ እርሷም አብራ ስትወርድ ኖራለች። አንድ ጊዜ አባቷን በዐይኗ ጠየቀችው፤ እርሱም ጣቱን በከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ በኋላ ነገሩን በመካከላቸው አላነሡትም። አባት በልጁ ፊት ቀና ብሎ የሚሄድበት አንድ ነገር ቢኖረው ይህ ነበር።

ልጅቷ የራሷ መድረክ የላትም። በየድንኳኑና በየግብዣው፣ በአቧራና በጄኔሬተር ጭስ መካከል ትዘፍናለች። ሰሞኑን አንድ ማታ ድምፅዋ ፈጽሞ ጠፍቶ ወደ ቤት ገብታ፣ አባቷን «ራት በላህ?» ብላ የጠየቀችው በእጇ ምልክት ነበር። አጃቢው ገመዱን እየሰካ ይህን አሰበ። «መዋሸት የለብኝም» አለ በልቡ። «ዜማውን በተፈጠረበት ልክ እጫወተዋለሁ። በልኩ መጫወት ኀጢአት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ማታለል ከተባለ እስከ ዛሬ ያደረግሁት ነው ማታለል።» ክርክሩ ቀዳዳ አልነበረውም። ቀዳዳ የሌለው ክርክር የሚያስፈልገው ግን ሊያጠፋ ለተነሣ ሰው ነው፤ ይህንንም ያውቅ ነበር።

ጋሽ ከፋይ አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ፣ ጫማውን አስጠርጎ ገባ። ልጅቷ ከኋላው ቦርሳውን ይዛለታለች።

«ፈተና አለብህ አሉኝ» አለ ገና ከበሩ። «እኔ እኮ ከትምህርት ቤት የሸሸሁት ፈተና ጠልቼ ነው!»

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ከወደቅህ ያው ክፍል ደጋሚ ነህ» አለው ከበሮ መቺው።

«ካንተ ጎን እስካላስቀመጡኝ ግድ የለም።»

ከዚያ ወደ ኪቦርዱ ቀረብ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ያንን ከባዱን ዘፈን ነው የምዘፍንለት። ቀላል ከመረጥኩ ይጠረጥረኛል።» እጁን በአጃቢው ትከሻ ላይ አሳረፈ። «ትንፋሼ የት ላይ እንደሚያጥር አንተ ታውቃለህ። አደራ፣ ጠብቀኝ።»

«እሺ ጋሼ» አለ አጃቢው።

ጋሽ ከፋይ ዞሮ ወደ መድረኩ ፊት ሄደ። ዘፋኝ ፊቱን ለሰሚ፣ ጀርባውን ላጃቢው ሰጥቶ የሚኖር ነው። አጃቢው ያንን ጀርባ ከራሱ ፊት ይበልጥ ያውቀዋል፤ ኮቱ የሚሸበሸብበትን ቦታ፣ ከፍታ ሲቃረብ የግራው ትከሻ ቀድሞ የሚነሣውን ነገር። የኪቦርዱ ትንሽ መስኮት ዜሮ ታሳያለች፤ ዜማው በተፈጠረበት ልክ ነው ማለት ነው። ጣቱን ወደ ቁልፏ ወሰደ፤ አሳረፈውም። አልተጫነም። ሥራ አስኪያጁ ከተደፉት ወንበሮች አንዱን አውርዶ ተቀመጠ። አጃቢው ጣቱን መለሰና የዘፈኑን መግቢያ መታ።

መግቢያው እንደ ወትሮው አማረ። በሁለተኛው ስንኝ ልጅቷ ለመቀበል አፏን ስትከፍት ግን ድምፅዋ ለቅጽበት ደነገጠ፤ ጉሮሮዋ የለመደው ስፍራ አልነበረም። አንገቷን መልሳ አባቷን አየችው። እርሱ እጆቹን አየ። ዘፈኑ ማረፊያዎች ነበሩት፤ ሰሚ ሳያውቅ በአንዱ ማረፊያ ላይ ዜማውን ዝቅ ማድረግ ለእርሱ ቀላል ነበር፤ ለዚህ የሚበቃ ሙያ አለው። አንዱ ማረፊያ መጣና አለፈ። ሌላውም አለፈ።

የጋሽ ከፋይ የግራ ትከሻ ተነሣ። ከፍታው መጣ፤ ድምፁም ተሰነጠቀ። ሳል አስመስሎ ሊሸፍነው ሞከረ፤ እንደገና ቢያነሣው ነፋስ ብቻ ወጣ። ያን ጊዜ ልጅቷ ሳትጠራ ገባች። ስንኙን ከወደቀበት አንሥታ ወደ ላይ ወሰደችው፤ አስቀድሞ የታሰበበት እንዲመስል፣ ዘፈኑ ከጥንቱ ለሁለት ሰው የተሠራ እንዲመስል፣ እርሱን ለመሸፈን ብላ በደረቷ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣች። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ ቆመች። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሣ፤ ዐይኑ ግን በሽማግሌው ላይ አልነበረም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጋሽ ከፋይ ጉሮሮውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር።

«ትናንት ነበረ እኮ» አለ ግራ ተጋብቶ። «እዚሁ፣ ይቺው ቦታ ላይ ቆሜ ደርሼበታለሁ። ዛሬ ምን ሆነ?»

«ከፈለጉ ይድገሙት ጋሼ፤ እኔ አልቸኩልም» አለ ሥራ አስኪያጁ። ክፉ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ከፋይ ወደ አጃቢው ዞረ። «ምን ትላለህ? ልድገመው?»

ሰው ከበደሉ የሚመለስበት በር ብዙ ጊዜ እንዲህ ወለል ብሎ አይከፈትም። አጃቢው ልጁ እያየችው፣ ርኅራኄ በሚመስል ዝግ ያለ ድምፅ «ይብቃህ ጋሼ፤ አትድከም» አለ።

«እሱ ካለ አበቃ፤ እሱ ያውቃል» አለ ጋሽ ከፋይ ለሥራ አስኪያጁ። ፈገግ ለማለትም ሞከረ። «ሄዷል ማለት ነው። ሲሄድ እንኳ ደኅና ሁን አላለኝም።»

ልጅቷ አባቷን ክንዱን ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ወሰደችው።

«ለምን አላወረድክለትም?»

«ረሳሁ።»

«አባባ!»

«ረሳሁ አልኩሽ እኮ።»

«ሳይህ ዐይንህን ሰበርክ። የረሳ ሰው ዐይኑን አይሰብርም።»

አጃቢው በእጁ የነበረውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ጠቅልሎ ፈታው፤ እንደገና ጠቀለለው። «ላንቺ ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «በየድንኳኑ ስትጮኺ እስከ መቼ? አንድ ቀን እንኳ ጣሪያ ያለው ቦታ ብትዘፍኚ...»

«ጣሪያ አምጣልኝ አልኩህ? አፌን የፈታው እኮ እሱ ነው!» እንዳይሰማ ድምፅዋን አፈነች። «የኔም ድምፅ አንድ ቀን ይደክማል አባባ። ያን ቀን ከጀርባዬ ሆነህ ምን እንደምታደርገኝ በምን አውቃለሁ?»

«አንቺ ልጄ ነሽ!»

«እሱን ወንድሜ ስትለው አይደል የኖርከው?»

አባትና ልጅ ተያይዘው ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ጠብቋቸዋል። የአዳራሹን ዘፋኝነት ለልጅቷ ሰጣት፤ አስቀድሞ ለጋሽ ከፋይ እንደ ነገረው ከሽማግሌው ፊት ይታወቅ ነበር።

«የጋሼን ቦታ አልወስድም» አለች።

«እንዴ! ውሰጂ እንጂ» አለ ጋሽ ከፋይ። «አንቺ ካልያዝሽው ነገ ባዳ ይይዘዋል፤ ያኔ በምን ዐይኔ በዚህ በር እገባለሁ? ከእኔ ወዳንቺ ሄደ ማለት ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ ኪሴ ገባ ማለት ነው። እምቢ ብትዪ ነው የምቀየምሽ።»

ልጅቷ «እሺ» አለች። «ግን የሚያጅበኝን ሰው እኔ ልምረጥ።»

«አባትሽ አሉ አይደል እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አባቴ አያጅበኝም።»

ከበሮ መቺው እንኳ ቀልድ አጣ። አጃቢው ምክንያቱን እስክትናገር ድረስ ጠበቀ፤ እንድትናገርም፣ እንዳትናገርም እኩል ፈለገ። አልተናገረችም። የተቆጣላት ጋሽ ከፋይ ነበር።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? እንደ እሱ ያለ አጃቢ ከየት ልታመጪ ነው? ይህን ሁሉ ዓመት ጀርባዬን ስሰጠው አንድ ቀን እንኳ ዞሬ አላየሁም! አሁኑኑ ይቅርታ ጠይቂው!»

«ጋሼ፣ ተዋት» አለ አጃቢው።

«አልተዋትም! አባቷን እንዲህ በሰው ፊት...»

«ተዋት አልኩህ እኮ፣ በእናትህ!»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። ዐይኗ እንባ አቅርሯል፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም።

አጃቢው ኪቦርዱን በሳጥኑ ከተተ። ሳጥኑ ከባድ ነበር፤ ሁልጊዜ አንዱን ጫፍ የምትይዝለት ልጁ ነበረች፤ አሁን ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታለች። ጋሽ ከፋይ ሻርፑን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ ጫፉን አነሣ። አጃቢው ሊከለክለው ቢሞክር «ድምፄ ነው የሄደው፣ ክንዴ አለ» አለው። ደረጃውን የወረዱት ሽማግሌው ከታች ሆኖ፣ ወደ ኋላው እየሄደ፣ እግሩ የሚያርፍበትን ሳያይ ነው።

«ልጅ ናት፤ አትቀየማት» ይለዋል በየደረጃው። «እኔ አናግራታለሁ። ዛሬ በእኔ ደንግጣ ነው።»

«ጋሼ» አለ አጃቢው ቆም ብሎ።

«ወይ?»

ሳጥኑ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሏል። ከታች መንገድ ላይ መኪና ጡሩንባውን ነፋ።

«ደረጃው እርጥብ ነው፤ ተጠንቀቅ» አለ አጃቢው።

ቅጣቱ ይህ ሆነ። ልጅቷ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በዚያ አዳራሽ ዘፈነች፤ የሚያጅባት አንድ ጊታር ተጫዋች ነው። አባቷ ከሥራው ተሰናበተ፤ ከዚያም ወዲህ ከልጁ ድምፅ ኋላ አልተቀመጠም። ሙዚቀኞች ሁሉ ያዝኑለታል፤ እርሷን ግን «አባቷን ገፍታ የወጣች» እያሉ ያሟታል። ይህ በፊቱ ሲነገር እርሱ ብርጭቆውን ያያል፤ አፉን አይከፍትም። እርሷም ሐሜቱ ይደርሳታል፤ አታስተባብልም። አባትና ልጅ በአንድ ቤት እያደሩ ከሰላምታ አያልፉም። ጋሽ ከፋይ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ሊያስታርቃቸው እስካሁን ይመላለሳል።