ጣልያን ሲመርቅ

የስቶክዌል ስደተኛ ሐበሾች ማኅበር ቪዲዮ ማጫወቻ ካሴት መዋጡን እርግፍ አድርጎ መተዉ፣ በየካቲት ሰማንያ ስምንት፣ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም በሊቀ መንበሩ አንደበት በይፋ ተበሰረ። ሕዝቡም አጨበጨበ።

ለምርቃቱ የተመረጠው ከጦርነቱ ማግሥት የተሠራ የጣልያን የፍቅር ፊልም ነበር። እንደ ወትሮው ጋሽ ኪዳነማርያም ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው ወደ አማርኛ ይመልሳሉ። አሥመራ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ስላደጉ ቃላቸው አይጠረጠርም። ሳባም ዩኒቨርሲቲ ጣልያንኛ ትማራለች፤ ግን ቋንቋ ከመጽሐፍ የለቀመ ሰው ምን ያውቃል ተብሎ ጠያቂ አላገኘችም።

ሳባን ያስጨነቃት ግን ከጎኗ የተቀመጠችው አክስቷ አልታየሽ ናት። ባሏ መቶ አለቃ ፀሐዬ ወደ ሰሜን ግንባር እንደ ሄደ ቀረ። ደርግም ወደቀ፣ የተማረከውም ተፈታ፤ የእሱ ግን የመሞቱም የመትረፉም ወሬ የለም። ጠብቃ ጠብቃ፣ ለገና ለአውቶቡስ ነጂው ለዘርይሁን እሺ አለችው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ትናንትና «ቢመጣስ? አዳራሹን ካንሰል ላድርገው መሰለኝ» ብላ ነበር። ፊልም እይና ልብሽ ይረፍ ብላ ከክላፋም ቤቷ ጎትታ ያመጣቻት ሳባ ናት፤ ያውም ታሪኩን ሳትጠይቅ።

ታሪኩ ደግሞ፣ ለክፋቱ፣ ባሏ ጦር ሜዳ የቀረባት ሴት ሌላ ስታገባ ነው። አልታየሽ የሳባን ክንድ ጨመደደች። ቆየት ብሎ በሩ ተንኳኳ፤ ባልየው ጢሙን አንዠርግጎ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ቡጢውን እየነቀነቀ፣ እንቅልፍ አይውሰድሽ፣ ዳቦሽ አመድ ይሁን እያለ ሲያወርድባት ሳባን አንድም ቃል አላመለጣትም።

ጋሽ ኪዳነማርያም አልታየሽን አየት አደረጉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጠበቅሽኝ፤ በቃሽ። እግዚአብሔር ትዳርሽን ይባርክ፤ እኔ አልተቀየምኩም፣ ይላታል» አሉ።

ነገር የማያልፈው ዐብዱ ከኋላ ወንበር «ጋሼ፣ ታዲያ ቡጢውን ምን አመጣው?» አለ።

«ጣልያን ሲመርቅ በእጁ ነው።»

«ሴትየዋስ ምን ሆና ነው መሬት ላይ የምትንከባለለው?»

«አሜን ማለቷ ነው።»

ሕዝቡም አብሯት አሜን አለ። የአልታየሽ ጣቶች ከሳባ ክንድ ላይ ቀስ እያሉ ላሉ። መብራቱ ሲበራ ዓይኗን ጠርጋ፣ ቅዳሜ ሃርልስደን የሠርግ ቀሚሷን ለመለካት አብረው እንዲሄዱ ጠየቀቻት፤ ድምፇ እንቅልፍ ጠግቦ እንደ ተነሣ ሰው ነበር።

ሳባ ጋሽ ኪዳነማርያምን ኮታቸውን ሲለብሱ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ረገማት።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን…»

«እርግማን በአፌ አልናገርም» አሉና ኮታቸውን ቆለፉ።