የአባቷ ወዳጅ

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው የወለዳትን ልጅ «ዝምድና የለንም» ብሎ ካልፈረመ ልጁ አገሯ አትገባም ቢባል ምን ትላላችሁ? እኔ ዓብዱ ሰይድ፣ አልዩ አምባ ላይ አርባ ዓመት ጨውና በርበሬ ስነግድ በሚዛን እንኳ ሰው አታሏል ተብዬ የማላውቅ ሰው፣ ይኼን አድርጌያለሁ። ያደረግኩትም በዚህ በህዳር፣ ላይ አገር ወጥቼ፣ በዚያ ቁር ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ልጄ ፈሂማ ቤሩት ካልሄድኩ ብላ ያዘች። ደላላው ቤታችን ድረስ መጣና፣ «እዚያ ያሉት እመቤቶች ክርስቲያን ሠራተኛ ነው የሚፈልጉት። ስሟን እንቀይረዋለን» አለኝ። እንደ ቀላል ነገር! ያን ቀን በርግጫ ማባረር ነበረብኝ። አላባረርኩትም። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እናቷ ጠይባ ደግሞ «ተው እንጂ ዓብዱ፣ ስም ምን አለው፣ ልቧን አላህ ያውቀዋል» ትለኛለች። እሺ አልኩ። ግን የማላውቀው ሰው ስም ልጄ ላይ አይለጠፍም ብዬ የወዳጄን የተሾመን ስም ሰጠሁ። በገዛ አፌ!

ተሾመ ገብረአማኑኤል ከአንኮበር ወዲያ ያለ ገበሬ ነው። ገብስና ባቄላውን ጭኖ ሲወርድ እኔ ቤት ያድራል፣ እኔም ስወጣ እሱ ቤት አድራለሁ። ለእኔ የሚታረደውን በግ እኔው በቢስሚላህ አርደዋለሁ፣ እሱ የራሱን ያርዳል፤ ልዩነታችን ይኸው ነው። ያኔ ቀበሌው ሄዶ «ልጄ ናት» ብሎ መታወቂያ አወጣላት። ፈሂማ ዓብዱ፣ ሰላም ተሾመ ተብላ በረረች።

ዘንድሮ የዚያች ልጅ ፓስፖርት አለቀ። ታገለግላቸው የነበሩት አሮጊት ሞቱ፣ ልጆቻቸው ቤቱን ዘጉ፣ ፈሂማ ከስምንት የአገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ታጉራ ቀረች። አገሬ ልግባ ብላ ቆንስላው ስትሄድ «ፓስፖርትሽን አድሺ። ለማደስ ከተወለድሽበት ቀበሌ የልደት ምስክር ወረቀት ይላክልሽ» አሏት። ያለ እሱ አውሮፕላን የለም፣ መንገድ ላይ ብትያዝም እስር ቤት ነው።

ዋናውን ነገር ገና አልነገርኳችሁም። ጠይባ ሞታለች። በዒድ ማግስት፣ ሁለት ቀን ታማ። ፈሂማ አታውቅም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይኼን የማያውቅ የሰው ልጅ የለም። ሰው በባዕድ አገር፣ ዘመድ አጠገቡ ሳይኖር፣ የእናቱን ሞት መስማት የለበትም። አገሯ ስትገባ፣ ቤቴ ቁጭ አድርጌ፣ አክስቶቿ ግራና ቀኝ ይዘዋት፣ እኔው አባቷ በአፌ ልነግራት ነው ያሰብኩት። ለእሷ የቀረኝ የአባትነት ሥራ ይኼ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ ዋሸሁ። «እማዬን አገናኘኝ» ስትል ገበያ ሄዳለች፣ ወንዝ ወርዳለች፣ ጉሮሮዋን አሟታል፣ ጆሮዋ ደክሟል እላለሁ። «በቪዲዮ አሳየኝ» ስትል የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል እላለሁ። ውሸት ደግሞ ያልቃል፤ ከየት ይመጣል? በመጨረሻ ልጅቷ «እማዬ ተቀይማኛለች እንዴ? ምን አጠፋሁ?» ማለት ጀመረች። ወላሂ፣ ይኼን ስሰማ ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላላትመው ምንም አልቀረኝ። አንዱ አፉ ሳያመልጠው ልጄን ማምጣት አለብኝ ብዬ ተነሣሁ።

መጀመሪያ እውነቱን ልናገር ብዬ እዚያው የሰፈሬ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። «ልጄ ፈሂማ ዓብዱ ናት፣ የወለድኳት እኔ ነኝ፣ ያዋለደቻት ሴትዮ እንኳ በሕይወት አለች» አልኩ። ጸሐፊዋ የፓስፖርቱን ፎቶ አየችና «አባባ፣ እዚህ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው። ለማስተካከል ፍርድ ቤት ነው የሚኬደው። ባለጉዳይዋ ራሷ ትቅረብ» አለችኝ።

«ለመቅረብ እኮ ነው ፓስፖርቱ የሚያስፈልጋት!»

«መመሪያው እንደዚያ ነው።»

ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ሦስት መስኮት ፊት ተሰልፌ ያገኘሁት መልስ ያው ነው፦ ራሷ ትቅረብ። አንዱማ «ለምን በሐሰት ስም ላካችኋት?» ብሎ ተቆጣኝ። ይቆጣ፣ ልክ ነው። ግን ደላላው ያን ሁሉ ልጅ በአደባባይ ሲጭን የት ነበራችሁ? ያኔ ውሸቱ ላይ ማኅተም ስትመቱ እጃችሁ አልተንቀጠቀጠም፤ እውነቱን ይዤ ስመጣ ነው መመሪያ የሚጠቀሰው? እንዲህ ብዬ ስጮህ ጥበቃው ክንዴን ይዞ አወጣኝ። የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ!

የቀረኝ መንገድ አንድ ነው፣ ውሸቱን ማደስ። ተሾመ ቀበሌው ሄዶ የሰላም ተሾመን የልደት ወረቀት ያውጣ። ስነግረው ለአፍታ እንኳ አላመነታም። «የእኔም ልጅ አይደለችም እንዴ ታዲያ?» አለና ጋቢውን አንሥቶ ተከተለኝ።

እዚያ ቢሮ ያለው ቢኒያም የሚባል ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የሚያናድደው ይኼ ነው። ክፉ ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠን፣ አባባ እያለ አስረዳን። ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቁ፣ ዘመድ ያልሆኑ ሦስት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ደግሞ የሐሰት ምስክር ስለበዛበት ልጅቷን ራሷን በስልኩ በቪዲዮ ሳያነጋግር አይፈርምም።

ተሾመ ሦስት ጎረቤቶቹን ለመነ። ሁለቱ እሺ አሉ። ሦስተኛው ማኅደረማርያም ግን ቢሮው ደጃፍ ድረስ ከመጣ በኋላ ቆመ። «ተሾመ፣ ቤትህን አውቀዋለሁ። ሰላም የምትባል ልጅ የለህም። ነገ ፈጣሪ ፊት እቆማለሁ» አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ተመለሰ። ከኋላው «ሂድ፣ ጽድቅህን ይዘህ ግባ!» ብዬ ጮህኩበት። ቆይቼ ሳስበው ግን ከሁላችን ትክክለኛው እሱ ነበር።

በዚያው ንዴቴ ወደ ቢኒያም ገባሁና «ሦስተኛው ምስክር እኔ ነኝ! ከእኔ በላይ የሚያውቃት ማን አለ?» አልኩት። ተሾመ ኮቴን ቢጎትተኝም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቢኒያም ደስ አለው። «እንግዲያው ነገ ጠዋት ሁላችሁም ኑ፣ ልጅቷንም እንደውልላታለን» አለ።

አመሻሹ ላይ ከተሾመ ቤት ሆኜ ደወልኩላት። «ነገ የቢሮው ልጅ ሲያነጋግርሽ አባትሽ ተሾመ ነው። እኔ የአባትሽ ወዳጅ ነኝ፣ ለምስክርነት ነው የመጣሁት» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች።

«አባዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሳላይህ ቆይቼ፣ ፊቴ ስትቆም ባዳ ነው ልበል?»

«በይ!» አልኳት በቁጣ። «እንባ የለም። አባዬ የለም። አላህ እንኳ እንዳትዪ፣ አንቺ ነገ ክርስቲያን ነሽ። አንዲት ቃል ካመለጠችሽ እዚያው ትቀሪያታለሽ፣ ሰምተሻል?»

«እሺ» አለች። «እማዬን ታዲያ ስመጣ ነው የማገኛት?»

«ስትመጪ» አልኩና ዘጋሁት።

በነጋታው ቢኒያም የምስክሮቹን ቅጽ መሙላት ጀመረ። የሁለቱ ሰዎች አለቀና ተራው የእኔ ሆነ። ስም? ዓብዱ ሰይድ። ዕድሜ? ስድሳ ስምንት። ሥራ? ንግድ። አድራሻ? አልዩ አምባ። የጋብቻ ሁኔታ? «ሚስቴ ሞታለች» አልኩ። ከአንዲት ልጅ በቀር አገር ያወቀው ነገር ነውና ምላሴ ለምዶታል፤ አሰብ እንኳ አላደረግኩም። እኔ የምፈራው የሚቀጥለውን ጥያቄ ነበር።

«ከልጅቷ ጋር ዝምድና አለዎት?»

ተሾመ አንገቱን ደፋ። ስትወለድ የታቀፍኳት እኔ፣ አዛን በጆሮዋ ያልኩት እኔ፣ ኩፍኝ ሲይዛት ተሸክሜ ዳገቱን የወጣሁት እኔ! «የለንም» አልኩ። «የአባቷ ወዳጅ ነኝ።» ጻፈው። ፈረምኩ። ከዚህ የባሰ አይመጣም ብዬ ተነፈስኩ።

ከዚያ ደወለላት። ፊቷ ስልኩ ላይ መጣ። ያ ረቢ! ከስታለች። ፀጉሯን ገልጣ፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ አንገቷ ላይ ማተብ አስራለች። ያልኳትን ሁሉ አንድ ሳታጎድል አድርጋለች። ከኋላዋ የሌሎቹ ሴቶች ሳቅና የድስት ኳኳታ ይሰማል።

ቢኒያም ስልኩን ወደ እኛ አዞረና «አባትሽ የትኛው ናቸው?» አላት። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ቆየ። ከዚያ አነሣችውና ወደ ተሾመ ወሰደችው። «እሳቸው ናቸው። አባዬ፣ ደህና ነህ?» አለችው። ተሾመ «ደህና ነኝ፣ ልጄ» አለ። ይኼን ቃል ፊቷን እያየሁ ልሰማ ለአሥራ አንድ ዓመት ስጠብቅ የነበርኩት እኔ ነኝ። ግን ይሁን፣ ያስተማርኳት እኔ፣ ጎበዝ ልጄ ብዬ ዋጥኩት።

«አሁን ምስክሮቹን አነብልሻለሁ፣ የምታውቂያቸው ከሆነ አዎ በይ» አለና ቢኒያም ቅጹን አነሣ። የመጀመሪያውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። አዎ አለች። ሁለተኛውን አነበበ። ምን ሆኜ እንደፈዘዝኩ አላውቅም፣ ሦስተኛውን ሲጀምር ነው የገባኝ። ከወንበሬ ተነሣሁ። «ቆይ፣ አንተ ልጅ፣ ቆይ!» አልኩ። እሱ ለስልኩ ጮክ ብሎ ያነባል፣ አልሰማኝም።

«አቶ ዓብዱ ሰይድ፣ ዕድሜ ስድሳ ስምንት፣ ሥራ ንግድ፣ አድራሻ አልዩ አምባ፣ የጋብቻ ሁኔታ ሚስት የሞተችበት፣ ከአመልካቿ ጋር ዝምድና የሌላቸው። ታውቂያቸዋለሽ?»

ፊቷ እንዳለ ነው፣ ከንፈሯ ብቻ ተከፍቶ ቀረ።

«ሄሎ? ሰላም? ኔትወርኩ ነው መሰለኝ» አለ ቢኒያም ስልኩን እያወዛወዘ።

ለልጄ የእናቷን መርዶ የነገራት ይኼ ነው። አክስት አይደለም፣ ሽማግሌ አይደለም፣ እኔ አይደለሁም። አንድ ብጣሽ ቅጽ! እኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ፣ በሕይወት እያለሁ፣ ምላሴ አፌ ውስጥ እያለ! ጩህ ጩህ አለኝ። «ፈሂማዬ» ካልኩ ደግሞ እዚያው ትቀራለች። ቆሜ ቀረሁ።

«እሰማለሁ» አለች በመጨረሻ። «አውቃቸዋለሁ። የአባቴ ወዳጅ ናቸው።»

«ዝምድና አላችሁ?»

«የለንም።» እጇን ወደ አንገቷ አነሣች። «ባለቤታቸው ጥሩ ሴት ነበሩ። መቼ ነው ያረፉት?»

ቢኒያም ወደ እኔ ዞሮ «መቼ ነው አባባ?» አለኝ።

«በዒድ ማግስት» አልኩ።

ጣቶቿ ማተቡን ይዘውታል። ስምንት ወሩን ስትቆጥር፣ ገበያውን፣ ወንዙን፣ የጉሮሮውን ሕመም ሁሉ አንድ በአንድ ስትቆጥር ዓይኗ ላይ አየሁት። ከኋላዋ አንዷ ሴት ትስቃለች። ልጄ ቀና አለችና ቀጥ ብላ እኔን አየችኝ።

«ነፍስ ይማር» አለች። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሼ ዓብዱ።»

ተሾመ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ እየተንሰቀሰቀ ነው። ቢኒያም ትከሻውን እየደባበሰ «አይዞዎት አባባ፣ ወረቀቱ ዛሬውኑ ይወጣል፣ ልጅዎ ትመጣለች» ይለዋል። እኔን ማንም አልነካኝ። ምስክር ምን ያስለቅሰዋል?

«አሜን» አልኳት። «አንቺንም ለአባትሽ ያብቃሽ።»

ቢኒያም «ጥሩ ምርቃት ነው» አለና ማኅተሙን መታው።