የጥሩሐረግ ቢሮ

ካሤ እንደ ለመደው አውራ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። ቀለም የሚቀባው ሰው ግን አልመጣም። የመጣው የሴት ድምፅ ነበር።

«አባቴ፣ ጣትዎን ይሰብስቡ። መጀመሪያ እንነጋገር።»

«አለቃው የሉም እንዴ ልጄ?»

«የቱ አለቃ?»

«ያ ድምፁ ጎርናናው፣ የሚያስለው። ሰኞ ሰኞ የሚያስፈርመኝ።»

ሴትዮዋ መዝገቧን ገለጠች። ቤዛ ትባላለች፤ ከጎጃም ተመድባ ሰቆጣ የመጣች የአመክሮ ክትትል ሠራተኛ ናት።

«እዚህ ወንበር ላይ ከመስከረም ጀምሮ ከእኔ በቀር የተቀመጠ ሰው የለም» አለች። «እርስዎ ደግሞ ስምንት ሳምንት ሙሉ መጥተው አልፈረሙም። ፖሊስ ልኬ ያስመጣሁዎት ለዚህ ነው። ዛሬ በቂ ምክንያት ካልሰጡኝ አመክሮዎ ይሰረዝና የቀረዎትን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ተመልሰው ይጨርሳሉ።»

ካሤ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድስ እሱም ያውቃል። ዐይነ ስውር ሆኖ፣ ሠርግ ቤት የሰደበውን ሰውዬ በድምፁ ብቻ አልሞ በወረወረው ሽመል ግንባሩን የተረተረ ሰው ነው። ወህኒ ቤት በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ታሪኩን እየቀለበ አሳደገው፤ ሊፈታ ሲል ሽመሉ ሙሽራውን ዞሮ፣ ሚዜውን ዘሎ፣ ሰውዬውን ከምሰሶ ኋላ ፈልጎ ነበር የሚያገኘው። ይህቺ ሴት ግን አብራው አልሳቀችም።

«ስምንቱንም ሰኞ ፈርሜያለሁ» አለ። «የአክስቴ ልጅ ትእዛዙ ይመስክር። ዋሴም መሪዬም እሱ ነው፤ የተፈታሁበት ወረቀት ላይ እንደዚያ ተብሎ ተጽፏል።»

«የት ነው የፈረሙት?»

«ወደ ታች የተዛወረው ቢሮ ነዋ! ሦስት ደረጃ እንወርዳለን፣ በሩ አጭር ነው፣ እጎነበሳለሁ። ወለሉ አፈር ነው። ባለጉዳይ ይበዛበታል፤ እኔ ስገባ ግን ሁሉም ጸጥ ይላል። ትንሽ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ትእዛዙን ብጠይቀው፣ አለቃው ጠጪ ነው፣ እንዳትናገር አለኝ።»

ከበሩ በኩል ሳቅ ፈነዳ። ካሤን ይዞት የመጣው ፖሊስ ቢያዝን ነበር።

«ምን ያስቅሃል?» ቤዛ ተቆጣች።

«ይቅርታ ወይዘሪት... ይሄ እኮ የጥሩሐረግ ጠላ ቤት ነው! ከተማው ሁሉ ወሬውን ሰምቶታል። ዋሱ ዳገቱ ሰልችቶት ዕውሩን...» ሳቁን ዋጠው። «አያ ካሤ፣ ሙት ልበልህ፣ ትእዛዙ የፈጠረው ተረት መስሎኝ ነው እንጂ።»

ካሤ አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው። ቀለሙ ትዝ አለው፤ ቤቱ ገብቶ እጁን ውሃ ሲያስነካው ሙልጭ ብሎ ይለቅ ነበር። የድስት ጥላሸት ነበራ! እሱስ ይሁን። ግን ሰኞ ሰኞ የሚሰጠው ጣቱን ብቻ አልነበረም። «ጸባይህ እንዴት ነው?» ይለዋል ጎርናናው ድምፅ፤ እሱም ተነሥቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ይናገራል። የመታው ሰው አንድ ዐይኑ እንደ ደከመ ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። ጨለማን ስለሚያውቀው ለማንም አይመኘውም። አንድ ሰኞ ይህን እያለ አልቅሷል። ያን ዕለት አንድ ባለጉዳይ ትን ብሎት እየተጣደፈ ወጣ። ካሤም ለእሱ ያዘነለት መስሎት «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» ብሎ ከኋላው መርቆታል።

«ሦስት ጊዜ የጥሪ ደብዳቤ ልኬልዎ ነበር» አለች ቤዛ።

«ለዐይነ ስውር ደብዳቤ?»

ቤዛ መዝገቡን አየች። «ዋስዎ ፈርሞ ተቀብሏል።»

«አነበበልኝማ። ቢሮው በመልካም ጸባይህ ደስ ብሎታል ይላል አለኝ። ሦስቱንም ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ።»

ቢያዝን ሄዶ ትእዛዙን አመጣውና እሱ ራሱ ከበሩ ውጭ ቀረ። ትእዛዙ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ጨዋታ ነበር እኮ እታለም! የመጀመሪያው ቀን ዝናቡ አያድርስ ነው፤ ዳገቱ ሲያንሸራትተን ጥሩሐረግ ቤት ተጠለልን። ይሄ 'ደረስን ወይ?' ሲለኝ አፌ 'ደረስን' አለ። ከዚያማ አንዱ ጠጪ አለቃ ሆነ፣ ሰውም ወደደው። ሰኞ ሲሆን ሰዉ ማልዶ ቦታ ይይዛል፣ ምን ላድርግ?»

«ቦታ ይይዛል» አለ ካሤ ቀስ ብሎ።

ቤዛ እስክሪብቶ አነሣች። «ተስማምታችሁ ቀርታችሁ ከሆነ አመክሮው ይሰረዛል። ተታለው ከሆነ ግን ቃልዎን ይሰጡኛል፤ እርስዎ እዚሁ ይፈርማሉ፣ እሱ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አባቴ፣ የቱ ነው?»

ትእዛዙ ወደ ካሤ ጆሮ ጠጋ አለና በሰቆጣ አገዎች ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ ይለማመጠው ጀመር። ቤዛ ቋንቋውን አትሰማም። ታምሜ ነበር በላት፤ የታመምክበትን ምስክር እኔ አመጣለሁ፤ ሁለታችንም ነፃ እንወጣለን። እኔ ከታሰርኩ ነገ ማን መርቶህ ከቤት ትወጣለህ? የእናቶቻችንን ጡት አስብ።

ሁለቱ አፍ ከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ እርስ በርሳቸው ከኽምጥኛ በቀር ተነጋግረው አያውቁም። የካሤ ዐይን በፈንጣጣ የጠፋ ጊዜ ትእዛዙ «አይዞህ፣ እኔ አይልሃለሁ» ያለው በዚሁ ቋንቋ ነበር። ደግሞም እውነቱን ነው፤ ነገ ማን ይመራዋል? ቤዛ ቢሮዋን ዘግታ ልትመራው ነው?

«ካሤ» አለ ትእዛዙ አሁንም በኽምጥኛ። «በል እንጂ፣ መልስልኝ።»

ካሤ ፊቱን ከእሱ መልሶ ወደ ሴትዮዋ ድምፅ አዞረ።

«ልጄ» አለ በአማርኛ፣ እንድትደርስበት ቀስ እያለ። «አሁን በጆሮዬ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ። ጻፊ።»