የብርነሽ ነጠላና የእሳት እራቶቹ

"ቀዝቃዛ ቦታ አስቀመጡልኝ አይደል?" አለች ትሕትና፣ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ።

"ከቤቱ ሁሉ የቀዘቀዘውና የጸዳው ቦታ ነው ያለው" አሉ ወይዘሮ ብርነሽ። "አንቺ ብቻ ወጥመዱን ቶሎ አስመጪልኝ።"

ትሕትና ከጓሮ ያለው የድንች ማከማቻ መሰላት፤ አልጠየቀችም።

በአደራ የሰጠቻቸው ዕቃ በታሸገ ፓኬት የመጡ፣ ጥፍር የማያህሉ የጎማ ቁራጮች ነበሩ። የሴቷ የእሳት እራት ሽታ ተነክሮባቸዋል። ሙጫ በተቀባ ወጥመድ ውስጥ ሲሰቀሉ ወንዶቹ ሴት መስሏቸው ገብተው ይጣበቃሉ፤ ፍሬውን የሚበላው ትል ሳይፈለፈል ይቀራል። ከሞላሌ ከተማ ቁልቁል፣ ውርጭ በማይደርስበት ተዳፋት፣ ብርነሽ ከተከሉት አርባ የአፕል ዛፍ አምና ግማሹ ፍሬ በትል አልቋል። ሞዴል አርሶ አደር ተብለው ከወረዳው የተሸለሙት በእነዚሁ ዛፎች ነበር።

ወጥመዱ ከደብረ ብርሃን ሳይደርስ ጎረቤታቸው አቶ ገሠሠ በድንገት አረፉ። ከሳምንት በፊት ሁለቱ በውኃ ተራ ተጣልተው፣ ብርነሽ ሰው ሁሉ እየሰማ "የእጅህን ይስጥህ" ብለዋቸው ነበር።

በቀብሩ ዕለት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ብርነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ለቅሶ ድንኳኑ ገቡ። የአፕሉ ማሳ ከአጥሩ ማዶ ነው። ፋኖስ እንደተለኮሰ አንዲት የእሳት እራት ትከሻቸው ላይ አረፈች፤ አባረሯት። ሦስት መጡ። ከዚያ መቁጠር አልተቻለም። ፋኖሱን ትተው ብርነሽን ከበቡ፤ አንገታቸው ላይ፣ ደረታቸው ላይ ተርገበገቡ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሴቶች ተነሥተው ሸሹ። አንዷ ቀስ ብላ የሟቹን ስም ጠራች።

የሟች ባለቤት ወይዘሮ እታገኝ ለቅሷቸውን አቋረጡ።

"ምን አድርገሽው ነው ብርነሽ? ምን አድርገሽው ነው ነፍሱ እንዲህ የምትከተልሽ?"

ብርነሽ እራቶቹን ከደረታቸው ላይ ማራገፍ ያዙ።

ትሕትና ከድንኳኑ ጥግ ተነሥታ አጠገባቸው ተንበረከከች።

"እማማ፣ ፓኬቱን የት ነው ያስቀመጡት?"

"ሳጥኔ ውስጥ፣ ከነጠላዬ ጋር። ታፍኖ እንዳይሻግትም ከፈትኩት።"

ትሕትና ስለ ቅዝቃዜው ተናግራ ነበር። አይክፈቱት፣ ከልብስ ያርቁት አላለችም።

"ምንድን ነው ልጄ?" አሉ መምሬ ወልደ ጻድቅ።

ወረቀት ሳትይዝ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ጥፋቱ የራሷ መሆኑን፣ ያመጣችው መድኃኒት ነጠላው ላይ መጋባቱን ተናገረች። "የሴቷ ሽታ ነው። ወንዶቹ... ሊገናኟት ነው የሚመጡት።" ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሐዘን ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይወራል ወይ ብለው አጉረመረሙ። ሌላው፣ ብርነሽ በዚህ ዕድሜዋ ይህን ሁሉ ወንድ ማስከተሏ ነው አሉ፤ ሳቅ ያመለጠውን ሰው ግን ሌሎቹ ተቆጡት።

"እኔ ምንም አይሸተኝም" አሉ እታገኝ።

"ለሰው አይሸትም።"

"የማይሸት ሽታ" አሉ መምሬ በሐዘን። "ልጄ፣ እኔ ልመንሽ። ነገ ግን ለዚህች ሴት ደጁን የሚከፍትላት ማነው? እሳት የሚያስጭራትስ?"

ትሕትና ነጠላውን ከብርነሽ ትከሻ ገፈፈችና ራሷ ተከናነበችው። ድንኳኑን አቋርጣ ሄዳ እታገኝ አጠገብ፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

የእሳት እራቶቹ ብርነሽን ትተው እሷን ተከትለው መጡ። በግራና በቀኝ የነበሩት ሴቶች ተነሥተው ራቁ። እታገኝ ግን አልተነሡም።