የተወለወለው ሚዛን

ሠላሳ ዓመት ፒያሳ ወርቅ ስሠራ ሳልወለውል ያስረከብኩት ዕቃ የለም። አባቴ ያልተወለወለ ቀለበት ባንኮኒው ላይ ካየ በጥፊ ነበር የሚያጮለኝ።

ሰርክአዲስ የእሪ በከንቱ ሰፈር ጎረቤቴ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ሳለች ሕመም ዓይኗን ወሰደባት። እሷ ግን ከኬሚስትሪ በቀር ሌላ ትምህርት አልማርም ብላ ድርቅ አለች። በ1971 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ «ዓይነ ስውር ቤተ ሙከራ ገብታ ምን ልትሠራ?» እያለ ሲያመላልሳት ከርሞ ቀን ቆረጠላት። አሥር ግራም ጨው በፊታቸው ራሷ ከመዘነች ትገባለች፤ ካቃታት ነገሩ እዚያው ያበቃል።

መርፌ ያለው ሚዛን ሠራሁላት። ቁጥሮቹን አሳምሬ ቀርጬ ብሰጣት ዳበሰችና ሣቀችብኝ።

«ጋሼ ኢስሃቅ፣ ይሄ ለእርስዎ ዓይን ነው። ለጣቴ ይሥሩልኝ።»

በነሐሱ ሰሌዳ ላይ ለየግራሙ መስመር ጫርኩ፤ የመቅረጫው ስለት ያወጣውን ሸካራ ጠርዝ ሳልነካ ተውኩላት። መርፌው ሲረጋ በማቆሚያ ትይዘዋለች፤ ከዚያ መስመሮቹን በጣቷ ትቆጥራለች። ሦስት ወር ሱቄ እየመጣች ተለማመደች። አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ሚዛኑን ላነሣ ስል ሰሌዳው ጠቁሮ አየሁት። ይሄ ነው ጓዶቹ ፊት የሚቀርበው? እጄ እንደ ልማዱ መወልወያውን አነሣ። ሰሌዳው እንደ መስተዋት አበራ። መስመሮቹም ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበርና ልቤ ሞላ።

«እንዴት ያለ ቆንጆ ዕቃ ነው!» አለ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ከተማ።

ሰርክአዲስ ጨው ጨመረች፤ መርፌውን ያዘች። ጣቷ ሰሌዳው ላይ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ።

«ጋሼ፣ ሌላ ሚዛን ነው እንዴ ያመጡት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ያኔ ገባኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወልውዬ ሸካራውን አጠፋሁባት። ላስተካክለውና ትሞክር» አልኩ።

ጓድ ከተማ ሰሌዳውን ጎንበስ ብሎ አየ።

«ሚዛኑ ምን ሆነ? ይኸው ይነበባል፤ ሰባት ግራም ነው።»

ቃለ ጉባኤው ላይ «መሣሪያው እንከን የለውም፤ ተማሪዋ አልቻለችም» ተብሎ ተጻፈ። ብለምን፣ ብምል፣ የሰማኝ የለም።

ወደ ፒያሳ ስንወርድ ክንዴን ይዛ ተከተለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሱቁ ጋ ስንደርስ ብቻ፣

«አምሮ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

በማግሥቱ መስመሮቹን እንደገና ሸካራ አደረግኋቸው። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።